በትንሽ የቤት ስፌት መኪና ትልቅ ድርብ ብርድ ልብስ አሰፋፍ

ሥራውን ከመጀመራችሁ በፊት ሜትር ያዙና ከመኪናችሁ መርፌ አንስቶ በስተቀኝ እስካለው ቋሚ አካል ድረስ ለኩ። አብዛኛው የቤት ስፌት መኪና ከ16 እስከ 18 ሴንቲ ሜትር ይሰጣችኋል። ከመርፌው ሥር ካለው ብረት እስከ ክንዱ ሆድ ያለው ከፍታ ደግሞ ከ10 እስከ 12 ሴንቲ ቢሆን ነው። 2 ሜትር በ2 ሜትር ከ20 የሆነ ድርብ ብርድ ልብስ፣ ገበያ ላይ ኮምፈርት የሚባለው ዓይነት፣ ማለፍ ያለበት በዚህ ክፍተት ነው።

ይህን አይቶ «መኪናዬ አቅም የለውም» የሚል ሰው ብዙ ነው። አቅም አለው። የጂንስ ሱሪ እግር አጥፎ የሚቀመቅም መኪና ሁለት ጨርቅና በመሐል ያለ ጥጥ አይከብደውም። የሚያስቸግረው ከጠረጴዛው ጠርዝ የሚንጠለጠለው የጨርቅ ክብደት ነው። ክብደቱ ጨርቁን ይጎትታል፤ ጨርቁ መርፌውን ያጎብጠዋል፤ ስፌቱ አንዱ ረጅም አንዱ አጭር ይሆናል፤ ገበሩ ይጨማደዳል፤ በመጨረሻም መርፌው ከሥር ያለውን ብረት መትቶ ይሰበራል። ስለዚህ ጨርቁን የሚሸከም ነገር ማዘጋጀትና ወፍራሙን ብርድ ልብስ በክፍል በክፍል መስፋት ከመኪና መለወጥ ይቀድማል።

በሙሉ ይሰፋ ወይስ በክፍል?

መስፋት የሚጀመረው ከመሐል ነው። ከመሐል ወደ ቀኝ ጠርዝ እየሰፋችሁ ከሄዳችሁ ከክንዱ ሥር የሚገባው ቢበዛ ግማሹ ብቻ ነው፤ ሌላው ግማሽ በግራ በኩል ጠረጴዛ ላይ ይተኛል። ቀኙ ሲያልቅ ብርድ ልብሱን አዙራችሁ የቀረውን ግማሽ ወደ ቀኝ ታመጣላችሁ።

አሁን ያ ግማሽ ሲጠቀለል ምን ያህል እንደሚወፍር አስሉ። የሚጠቀለለውን ስፋት በውፍረቱ አባዙ፣ ውጤቱን በ1.27 አባዙ፣ ከዚያ በስልካችሁ ማስሊያ ካሬ ሩቱን አውጡ። ስፋቱ 2 ሜትር ከሆነ ግማሹ 100 ሴንቲ ነው። ሦስቱ ድርብ፣ ማለትም ላዩ፣ መሐሉና ገበሩ፣ በመዳፍ ተጭኖ ግማሽ ሴንቲ ከሆነ ጥቅልሉ 8 ሴንቲ ይወፍራል። 1 ሴንቲ ከሆነ ከ11 ሴንቲ ያልፋል፤ ይህ ወይ ከክንዱ ሥር አይገባም፣ ወይ ከገባ በኋላ አይንቀሳቀስም። 3 ሚሊ ሜትር ብቻ የሆነ ስስ ድርብ ግን 6 ሴንቲ አካባቢ ላይ ይቆማል። ከ7 ሴንቲ በታች ከሆነ በሙሉ ስፉት፤ ከዚያ በላይ ከሆነ በሦስት ክፍል ክፈሉት።

እዚህ ላይ ድሬዳዋና ሐረር ይለያያሉ። ድሬ 1,200 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ያለች ቆላ ናት፤ ሌሊቱንም የሚያስፈልገው ስስ ድርብ ነው፤ ያረጀ ነጠላ በመሐሉ ያለበት ብርድ ልብስ ይበቃል፣ ይህም በሙሉ ከመኪናው ሥር ያልፋል። ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት የሚያሞቀው ጋቢ ወይም ደህና ውፍረት ያለው ፋይበር በመሐሉ የገባበት ነው፤ እሱ በሙሉ አያልፍም። ከዚህ በታች በዝርዝር የምናሳየው ይህን ወፍራሙን፣ በሦስት ክፍል የሚሰፋውን ነው። ስሱን በሙሉ ለመስፋት የመረጠ ሰው በሦስት መቁረጡንና መጋጠሚያውን ዘልሎ ሌላውን መከተል ይችላል።

የሚያስፈልገው

ልኩ ለ1 ሜትር ከ50 አልጋ ነው። 2 ሜትር በ2 ሜትር ከ20 ሲሆን በግራና በቀኝ 25 ሴንቲ ይወርዳል።

ለገበር 1 ሜትር ከ50 ስፋት ያለው አቡጀዲ ወይም የጥጥ ፖፕሊን 5 ሜትር ግዙ። ለላይ በዚሁ ስፋት 4 ሜትር ከ75 ይበቃል። ሁለቱንም ከመቁረጣችሁ በፊት በሙቅ ውኃ እጠቡ። አቡጀዲ በፋብሪካ የተቀባውን ስታርች ሲለቅ ይሰበሰባል፤ ሳይታጠብ ከተሰፋ መሰብሰቡ የሚመጣው ብርድ ልብሱ ካለቀ በኋላ ነው፣ ያኔ ደግሞ መፍትሔ የለውም። ቀይ፣ ጥቁርና ሰማያዊ ጨርቅ ቀለም መልቀቁን ለማወቅ በረጠበ ነጭ ጨርቅ አሹት። የሽቲና የድሪያ ጨርቅ ለዓይን ያምራል፤ ግን ስስና ተንሸራታች ስለሆነ ብቻውን ላይ አይሆንም። ከወደዳችሁት ከሥሩ ስስ አቡጀዲ አድርጋችሁ ጠርዝ ለጠርዝ ወስውሱትና እንደ አንድ ጨርቅ ቁጠሩት።

ለመሐሉ በሜትር የሚሸጥ የተጋገረ ፋይበር፣ ወይም ያረጀ ጋቢ። ጋቢው የተሸመነ ስለሆነ ቦታውን አይለቅም፣ ስፌቱ ራቅ ራቅ ቢልም ይችላል፤ በአገልግሎት ብዛት ስለታጠበም ከእንግዲህ አይሰበሰብም። ለዚህ ሥራ ከጋቢ የተሻለ መሐል ማግኘት ይከብዳል። ባዘቶ መጠቀም የምትፈልጉ በስስ ጨርቅ መሐል አድርጋችሁ በየ5 ሴንቲው መስፋት አለባችሁ፤ ካልሆነ በመጀመሪያው እጥበት ተጠቅልሎ ጥግ ይይዛል። ስፖንጅ አይሆንም። የመኪናው እግር ይይዘዋል፣ ውኃ ከጠጣ ቶሎ አይደርቅም፣ ሲቆይ ይፈረካከሳል።

ክር በልብስ ሰፊዎች ዘንድ የተለመደው 40/2 ፖሊስተር ይሆናል። በሦስቱም ክፍሎች ላይ በየ8 ሴንቲው ለሚሰፋው፣ ድርቡን አንድ ላይ ለሚይዘው ማያያዣ ስፌት ብቻ 47 ሜትር መስመር አለ፤ መጋጠሚያውና ጠርዙ ሲጨመር 65 ይደርሳል። የላይና የታች ክር ተደምሮ የመስመሩን ሦስት እጥፍ ያህል ስለሚወስድ 250 ሜትር ክር ያዙ። ክሩን ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ክንድ ያህል ስባችሁ በጥሱ። በቀላሉ ብጥስ ካለ በመደርደሪያ ላይ ፀሐይ የበላው ነው፣ ተዉት።

መርፌ ቁጥር 90/14፣ መሐሉ ጋቢ ከሆነ 100/16፤ የጂንስ መርፌ ከተገኘ እሱን አስቀድሙ። ሦስት ፍሬ ይኑራችሁ። መርፌ ቁልፍ 100 ፍሬ፣ መቀስ፣ ሜትር፣ ነጭ የደረቀ የሳሙና ስባሪ፣ የቀለም ቀቢዎች የወረቀት ፕላስተር፣ መዳፉ ላይ ጎማ የተቀባ የግንበኛ ጓንት። ጓንቱን እንዳትንቁት። ጨርቁን የሚመራው መዳፋችሁ ነው፤ በድሬ ሙቀት በላብ የራሰ መዳፍ ደግሞ ይንሸራተታል፣ ጨርቁንም ያቆሽሻል።

ጠረጴዛውና መኪናው

ሐረር ጀጎል ውስጥ ከፈረስ መጋላ ወደ ግድር መጋላ የሚወስደው መንገድ መኪና ግርግር የተባለው በልብስ ሰፊዎቹ መኪና ድምፅ ነው። እዚያ ስታልፉ የእግር መኪኖቹን ጠጋ ብላችሁ እዩ። መኪናው ጠረጴዛው ውስጥ ገብቶ ስለተቀመጠ ጨርቁ ከጠረጴዛው ወደ መርፌው ሲሄድ የሚወጣው ደረጃ የለም። ትንሹ የኤሌክትሪክ መኪና ግን ጠረጴዛ ላይ ተነስቶ የተቀመጠ ነው፤ ከባዱ ጨርቅ በዚያ ደረጃ ላይ እየታጠፈ ወደ ታች ይስባል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ከጠረጴዛው እስከ መኪናው የመስፊያ ወለል ያለውን ከፍታ ለኩና በዚያው ልክ በግራና በፊት በኩል ጠንካራ ነገር ደርድሩ፤ የተቆረጠ ጣውላ፣ ወይም የመጻሕፍት ክምር ከላዩ ለስላሳ ኮምፔንሳቶ ተደርጎበት። ጠርዙ ጨርቅ እንዳይዝ በፕላስተር ሸፍኑት። ጠረጴዛውን ከበስተጀርባው ከግድግዳ አስጠጉት፤ የተሰፋው ክፍል ከኋላ እንዳይወድቅ ግድግዳው ይይዘዋል። በግራችሁ ሁለተኛ ጠረጴዛ ወይም የልብስ መተኮሻ ጠረጴዛ በተመሳሳይ ከፍታ አቁሙ። የእግር ሲንጀር ያላችሁ የሚያስፈልጋችሁ የግራው ጠረጴዛ ብቻ ነው። መብራት ሲጠፋም ሥራችሁ አይቆምም።

መኪናውን እንዲህ አዘጋጁ። የመርፌውን ሥር ብረትና የቦቢኑን (የታች ክር መጠቅለያውን) ቤት ፈትታችሁ ብናኙን በትንሽ ብሩሽ ጥረጉ። በአፍ አትንፉ፤ ትንፋሽ እርጥበት አለው፣ ብናኙንም ይበልጥ ወደ ውስጥ ይገፋዋል። መመሪያው ዘይት የሚፈቅድ ከሆነ አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት አድርጉና በቁራጭ ጨርቅ ላይ ጥቂት ስፉ። አዲስ መርፌ እስከ ጫፍ ድረስ ገፍታችሁ አስገቡ። ሦስት ወይም አራት ቦቢን ከወዲሁ ሙሉ። የስፌቱን ርዝመት 3 ሚሊ ሜትር ላይ አድርጉ፤ በወፍራም ድርብ ላይ 2 ሚሊ የሆነ ስፌት ጨርቁን ይሰበስበዋል። እግሩ ጨርቁን የሚጫንበትን ኃይል መቀነሻ ያለው መኪና ከሆነ ቀንሱት።

ከላይም የሚራመድ እግር ማግኘት ከቻላችሁ ለዚህ ሥራ ከሚገዛው ሁሉ እሱ ይቅደም። የተለመደው እግር ከላይ ዝም ብሎ ይጫናል፤ ከሥር ያለው ጥርስ ደግሞ ገበሩን ወደፊት ይገፋል። ስለዚህ ገበሩ ይሄዳል፣ ላዩ ወደ ኋላ ይቀራል፣ መስመሩ መጨረሻ ላይ የላዩ ጨርቅ እብጥ ይላል። የሚራመደው እግር የራሱ ጥርስ ስላለው ሦስቱን እኩል ያስኬዳቸዋል። ስትገዙ የመኪናችሁን እግር ይዛችሁ ሂዱ። እግሩን ከሚያስረው ብሎን እስከ እግሩ መርገጫ 19 ሚሊ ሜትር አካባቢ ከሆነ ለአጭር ዘንግ የተሠራውን ትገዛላችሁ። ስታስሩት የጎኑ ክንድ መርፌውን የሚያስረው ብሎን ላይ መቀመጥ አለበት፤ ካልተቀመጠ አይራመድም። እግሩን ባታገኙም ሥራው አይቀርም፤ መርፌ ቁልፎቹን አጠጋግቶ፣ ቀስ ብሎ መስፋት ነው።

አቆራረጥ

ላይ፦ 68 ሴንቲ ስፋት፣ 2 ሜትር ከ25 ርዝመት፣ 3 ፍሬ። ሁለቱ ከአንድ ወርድ ይወጣሉ። የሦስቱ ድምር 204 ሴንቲ ነው፤ ሁለቱ መጋጠሚያዎች 4 ሴንቲ ሲበሉ 2 ሜትር ይቀራል። ማያያዣው ስፌት ራሱ ጥቂት ሴንቲ ስለሚሰበስብ ያለቀው ከ2 ሜትር ትንሽ ቢያንስ አትደናገጡ።

መሐል፦ 70 ሴንቲ በ2 ሜትር ከ30፣ 3 ፍሬ።

ገበር፦ 75 ሴንቲ በ2 ሜትር ከ35፣ 3 ፍሬ። አራተኛው 75 ሴንቲ ትርፍ ይሆናል፤ ከእሱ 6 ሴንቲ ተኩል ስፋት ያላቸው 4 ጥብጣቦች በርዝመቱ ቁረጡ። ለጠርዙ የሚያስፈልገው 8 ሜትር ከ70 ያህል ነው፣ ይበቃል።

ድርቡን አንድ ላይ መያዝ

ይህን ደረጃ የቸኮለበት ሰው ስፌቱን ሲፈታ ይውላል። ሴራሚክ ወይም ልስን ሲሚንቶ ወለል ጥረጉ፤ ሰሌንና ምንጣፍ ላይ መርፌ ቁልፉ ይያያዛል። ገበሩን የውስጥ ገጹን ወደ ላይ አድርጋችሁ ዘርጉና ጠርዞቹን በፕላስተር ወለሉ ላይ ለጥፉ። ገበሩ ሽብሽብ እንዳይኖረው እንጂ ከበሮ እንዲሆን አትወጥሩት። ከልክ በላይ የተወጠረ ገበር ፕላስተሩ ሲነሳ ወደ ራሱ ይመለሳል፣ ላዩንም ያጨማድዳል። ከዚያ መሐሉን አንጥፉ፣ ከመካከል ወደ ዳር በመዳፍ አስተካክሉ፣ በላዩም የላዩን ጨርቅ።

መርፌ ቁልፎቹን ከመሐል ጀምራችሁ ወደ ዳር በየ12 ሴንቲው አድርጉ፤ የተጨበጠ እጅ ከአውራ ጣቱ ጋር የሚሸፍነው ያህል ነው። ለአንድ ክፍል 100 ፍሬ ገደማ ይወስዳል። በክፍል መሥራት አንዱ ጥቅሙ ይኸው ነው፣ ያው 100 ፍሬ ለሦስቱም ክፍል በተራ ያገለግላል። የስፌት መስመር በሚያልፍበት ቦታ አትሰኩ። መርፌ ቁልፍ ከሌላችሁ በእጅ ወስውሱ፦ አንዱ 5 ሴንቲ በሚረዝም ዘርዛራ ስፌት፣ ረድፎቹ በ10 ሴንቲ ልዩነት፣ በኋላ በቀላሉ እንዲለይ በሌላ ቀለም ክር። ጊዜ ይወስዳል፤ ግን ከመርፌ ቁልፍ ይልቅ ድርቡን አጥብቆ የሚይዝ ውስወሳ ነው።

መስመሩን ስታሰምሩ መሐለኛውን ብቻ አሰምሩ። የአናጢ ክር በነጭ ጠመኔ ዱቄት ነክራችሁ ከጫፍ ጫፍ ወጥራችሁ ብትለቁት ቀጥ ያለ መስመር ይጥላል። የግንበኞቹን ቀይና ሰማያዊ ዱቄት አትንኩ፣ በእጥበት አይለቅም። ሌሎቹን መስመሮች ከእግሩ ጋር የሚመጣውን የብረት መምሪያ 8 ሴንቲ ላይ አስራችሁ የቀድሞውን መስመር እየተከተለ እንዲሄድ አድርጉ፤ መምሪያው ከሌለ በሳሙናው አሰምሩ።

ማያያዣው ስፌት

በቅድሚያ ከተመሳሳይ ሦስት ድርብ 30 ሴንቲ በ30 የሆነ ቁራጭ አዘጋጅታችሁ ሞክሩ። የታች ክር ነጠብጣብ ሆኖ ከላይ ከታየ የላዩ ክር በዝቶ ተወጥሯል፣ መወጠሪያውን በግማሽ ቁጥር ዝቅ አድርጉ። ከሥር የላዩ ክር ነጠብጣብ ካለ በተቃራኒው። መገናኛው መሐል ጥጡ ውስጥ ሲደበቅ ልክ ነው።

1. የክፍሉን ቀኝ ግማሽ ሳትጨብጡ እንደ አኮርዲዮን አጥፋችሁ ከክንዱ ሥር አስገቡ። ጥብቅ አድርጎ የጠቀለለ ሰው ግንድ ይዞ እንደ መስፋት ይሆንበታል፤ ግንዱ በሙሉ ካልተገፋ መርፌው ሥር ያለው ቦታ አይንቀሳቀስም። ላላ ብሎ የታጠፈ ግን መርፌው አጠገብ ያለው ብቻ ይንቀሳቀሳል።

2. ከላዩ ጨርቅ ጠርዝ ውጭ፣ ትርፉ ገበርና መሐል ላይ ጀምሩ። ጠርዙ በኋላ ስለሚቆረጥና ስለሚለብስ ክር መቋጠር አያስፈልግም። የመሐለኛውን መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ ስፉ።

3. አንድ ስንዝር በሰፋችሁ ቁጥር መርፌው ጨርቁ ውስጥ ወርዶ እንዳለ አቁሙ። ከፊት ያለውን ጨርቅ ወደ ላይ አንሱና እንደ ትንሽ ኮረብታ መርፌው ፊት ከምሩ። ከዚያ እጆቻችሁን በግራና በቀኝ ዘርግታችሁ ቀጥሉ። ጨርቁ ከኮረብታው ወደ መርፌው መውረድ እንጂ ከጉልበታችሁ ወደ ላይ መሳብ የለበትም። የአሠራሩ ዋና ነገር እዚህ ላይ ነው። ስፌቱ ሲያጥር ካያችሁ ሌላ ምክንያት ከመፈለጋችሁ በፊት ጨርቁ የት እንደተያዘ ፈልጉ፤ ብዙውን ጊዜ የጠረጴዛ ጠርዝ ላይ፣ ወይም የራሳችሁ ጭን ላይ ነው።

4. ከመሐለኛው በ8 ሴንቲ ወደ ቀኝ ሁለተኛውን፣ ከዚያ ሦስተኛውንና አራተኛውን ስፉ። ሁሉንም ከአንድ ጫፍ ጀምሩ። አንዱን ሲሄዱ ሌላውን ሲመለሱ መስፋት ጊዜ ያተርፋል፣ ነገር ግን የላዩን ጨርቅ በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚገፋው በመስመሮቹ መሐል ሰያፍ እጥፋት ይፈጥራል።

5. ክፍሉን አዙራችሁ በሌላው ግማሽ ሦስት መስመር ስፉ። በድምሩ 7 ይሆናል። ከመጨረሻው መስመር እስከ ጠርዙ 10 ሴንቲ ባዶ ይቀራል፤ ለመጋጠሚያው ነው፣ አትስፉበት።

መርፌ ቁልፉ ላይ ሳትደርሱ አቁማችሁ አንሱት፤ በላዩ አትስፉ። ከእያንዳንዱ ረጅም መስመር በፊት ቦቢኑን እዩ፣ አንዱ መስመር 3 ሜትር ያህል የታች ክር ይወስዳል። ትንሽ ሞተር በተከታታይ ግማሽ ሰዓት ከሠራ 10 ደቂቃ ይረፍ፤ ድሬ ላይ ሥራውን ማለዳ ወይም ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ አድርጉት። መብራት መስመር መሐል ላይ ከጠፋ በጎን መዘውሩ መርፌውን ጨርቁ ውስጥ አውርዱና የመኪናውን ሶኬት ንቀሉ፤ ኃይሉ ሲመለስ ከፍ ብሎ ሊመጣ ይችላል። አንድ ክፍል ባለቀ ቁጥር የቦቢን ቤቱን ጥረጉ፤ ፋይበር ብዙ ብናኝ ይጥላል።

ክፍሎቹን ማጋጠም

ሦስቱን ክፍሎች ዘርግታችሁ የላያቸው ጨርቅ ስፋት እኩል መሆኑን ለኩ፣ ያነሰው ልክ ላይ ሌሎቹን አስተካክሉ። በሚጋጠመው ጎን ገበሩን ወደ ኋላ አጥፋችሁ በመርፌ ቁልፍ ያዙት። መሐሉን ጥጥ ከላዩ ጨርቅ ጠርዝ 1 ሴንቲ አሳጥራችሁ ቁረጡ። ይህን ስትቆርጡ የመቀሱ ጫፍ ገበሩን እንዳይዝ አስተውሉ።

የሁለቱን ክፍሎች የላይ ጨርቅ ገጽ ለገጽ አገናኙና ሁለቱን ጨርቆች ብቻ በ1 ሴንቲ ስፉ። የሚሰፋው ጠርዝ ስለሆነ ከባዱ ሁሉ በግራ ነው፣ ከክንዱ ሥር የሚገባ የለም። ስፌቱን በጣት ከፍታችሁ ተጫኑት። ካውያ ከተጠቀማችሁ ፋይበሩን አታስነኩት፣ ይቀልጣል።

አሁን ፊቱን ወደ ታች አድርጋችሁ ገልብጡት። የሁለቱ ክፍል መሐል ጠርዝ ለጠርዝ ይገናኛል። መደራረብ የለበትም፤ ከተደራረበ በብርድ ልብሱ ላይ እንደ ገመድ ጎልቶ ይኖራል፣ የተኛበትም ሰው ይሰማዋል። በእጅ መርፌ ሰፋ ሰፋ ባለ ስፌት፣ ሳታጠብቁ አያይዟቸው። ከዚያ የአንዱን ገበር ከመጋጠሚያው መስመር 1 ሴንቲ አሳልፋችሁ ቁረጡና ተኝቶ ይዋል። የሌላውን 2 ሴንቲ አሳልፋችሁ ቁረጡ፣ ጫፉን 1 ሴንቲ ወደ ውስጥ እጠፉ፣ በመጀመሪያው ላይ አልብሱት። በእጅ ቅምቅማት፣ በየ5 ሚሊው፣ ላዩ ጨርቅ ላይ ሳይወጣ ዝጉት። 2 ሜትር ከ25 የእጅ ስፌት ረጅም ይመስላል፤ ግን ገበሩን በመኪና ለመዝጋት ከሞከራችሁ ላዩ ላይ የተጣመመ መስመር ይታያል።

በመጨረሻ ፊቱን ወደ ላይ መልሱና ልክ በመጋጠሚያው ስፌት ውስጥ አንድ መስመር በመኪና ስፉ። ይህ መስመር ሦስቱን ድርብ ያስራል፣ በግራና በቀኙ ካሉት መስመሮችም በ9 ሴንቲ ስለሚርቅ ከሌሎቹ 8 ሴንቲዎች አይለይም። ሦስተኛው ክፍል ሲጋጠም ብርድ ልብሱ ሙሉ ሆኗል። ጠባቡን ጎን፣ ማለትም 67 ሴንቲውን፣ ከክንዱ ሥር አድርጉ፤ ሁለቱ ክፍሎች በግራ ጠረጴዛ ላይ ይተኙ። ተጭኖ ግማሽ ሴንቲ የሆነ ድርብ እዚህ ላይ 6 ሴንቲ ተኩል ብቻ ይወፍራል።

ጠርዝ

ጠርዞቹን ከላዩ ጨርቅ እኩል ቁረጡ። አራቱን ጥብጣብ ጫፍ ለጫፍ በሰያፍ አገናኙ፣ በርዝመቱ ለሁለት አጥፋችሁ ተኩሱ። ክፍት ጎኑን ከብርድ ልብሱ የላይ ጠርዝ ጋር አድርጋችሁ በ1 ሴንቲ ስፉ። ማዕዘን ላይ ለመድረስ 1 ሴንቲ ሲቀር አቁማችሁ ክሩን ቁረጡ፤ ጥብጣቡን ወደ ላይ በሰያፍ አጥፉት፣ ከዚያ በሚቀጥለው ጠርዝ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ አውርዱትና ከጠርዙ ጀምራችሁ ቀጥሉ። ዙሪያው ሲያልቅ ጥብጣቡን ወደ ገበሩ ገልብጣችሁ በእጅ ቀምቅሙ።

የተጠማዘዘ ስፌት የሚፈልጉ

በመኪና ጥልፍ የሚጠልፉ ሰዎች ይህን በቀላሉ ይለምዱታል። ጥርሱን አውርዱ፤ ማውረጃ ከሌለው በካርቶን ቁራጭ ሸፍናችሁ ዳሩን በፕላስተር ለጥፉ። የስፌት ርዝመቱን 0 አድርጉ፣ ለጥልፍ የሚሆነውን እግር እሰሩ። አሁን የስፌቱን ርዝመት የሚወስነው የእጃችሁ ፍጥነት ነው፦ መኪናው ደህና ፍጥነት ይያዝ፣ እጅ ዝግ ይበል። በሙሉ ብርድ ልብስ ላይ አትሞክሩት፤ በክፍል ላይ ብቻ፣ መስመሮቹ ከተሰፉ በኋላ በመሐላቸው። ያለ እግር መስፋት ጣት ያስወጋል።

ሲበላሽ

ከሥር ክሩ እንደ ሱፍ ተቆላልፎ ከተገኘ አብዛኛው ሰው ቦቢኑን ይነካካል። ጥፋቱ ከላይ ነው። ክሩ እግሩ ወርዶ እያለ ስለገባ መወጠሪያው ሳህኖች መሐል አልተቀመጠም። እግሩን አንሱ፣ የላዩን ክር አውጥታችሁ እንደገና አስገቡ።

ስፌት እየዘለለ ከሆነ መርፌው ጎብጧል፣ ወይም እስከ ጫፍ አልገባም፣ ወይም ለውፍረቱ ቀጭን ነው። ክር እየላላ ተልጦ የሚበጠስ ከሆነ የመርፌው ቀዳዳ ጠቦታል፤ ከ90 ወደ 100 ውጡ። መርፌ የሚሰበረው ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ጨርቁ ስለተጎተተ ነው። ሲሰበር ስባሪውን ሁሉ ፈልጋችሁ አግኙ፤ ጥጥ ውስጥ የቀረ ጫፍ የሚገኘው በተኛ ሰው ገላ ነው።

ገበሩ ላይ ሽብሽብ ከተሰፋ፣ ከ1 ሴንቲ ያነሰ ከሆነ ከታጠበ በኋላ አይለይም፣ ተዉት። ከዚያ ከበለጠ ሽብሽቡ ካለበት ስፍራ በግራና በቀኝ አንድ አንድ ስንዝር ፍቱ፣ ትርፉን በመዳፍ ወደ ሁለቱም በኩል አከፋፍሉ፣ በእስፒል ያዙና መልሳችሁ ስፉ። የፈታችሁበትን የክር ጫፎች ወደ አንድ ጎን ስባችሁ ቋጥሩና በእጅ መርፌ ጥጡ ውስጥ ቅበሩ። ቦቢን መሐል ላይ ሲያልቅም የሚደረገው ይኸው ነው፤ 3 ሴንቲ ወደ ኋላ ፈትቶ፣ ቋጥሮ፣ ቀብሮ መቀጠል።

መጀመሪያ ስታጥቡት ለብ ባለ ውኃ ይሁን፣ አትጭመቁት፤ አጥፋችሁ በመጫን ውኃውን አስወጡ። እርጥቡ ከባድ ስለሆነ በአንድ ገመድ ላይ ከተሰቀለ መጋጠሚያው ላይ የተሰፋው የእጅ ስፌት ይጎተታል። በ50 ሴንቲ ልዩነት በተወጠሩ ሁለት ገመዶች ላይ ዘርግታችሁ አስጡት፣ መጋጠሚያዎቹም ገመዶቹን አቋርጠው እንጂ በገመዶቹ ልክ እንዳይተኙ አድርጉ። ሲደርቅ ገበሩን ገልብጣችሁ ሁለቱን መጋጠሚያዎች በጣት ዳስሱ፤ የላላ ስፌት ካለ ይበልጥ ሳይፈታ በዚያው ቀን ጨምሩበት።